የፍሬን ሽቦ ወደ ቱቦ ውስጥ የገባበት ታሪክ

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የወሎን ተራሮች ጎን እየታከከ፣ ሰኞ ሰኞ የአፋር ግመል ነጂ፣ የኦሮሞ ገበሬና የአማራ ነጋዴ በአንድ ሜዳ ወደሚገናኙባት ወደ ባቲ የሚደርሰው፣ ከባቲም ቆላውን ሰንጥቆ እስከ ሚሌ የሚዘልቀው የአሰብ መንገድ፣ ከሞተርና ከጉልበት ይልቅ ፍሬንን የሚፈትን መንገድ ነው። ባቲ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ ሚሌ 500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለችና፣ በመካከላቸው ያለው ቁልቁለት ለብስክሌት ጋላቢ እግር ዕረፍት፣ ለእጁ ጣቶች ግን ጭንቅ ይሆናል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የሰውን ነፍስ የምትጠብቀው ውፍረቷ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደች አንዲት ሽቦ ናት። ይህች ሽቦ በመጀመሪያ ያልነበረች፣ ኋላም በአደባባይ የተዘረጋች፣ ከዚያም ቀስ በቀስ በብስክሌቱ አካል ውስጥ የተሰወረች ናትና፣ ነገሯን ከጥንቱ ጀምሬ በየዘመኑ ቅደም ተከተል ልተርክ አስቤአለሁ።

ጥበቡ በአብዛኛው በውጭ አገር የተወጠነ ስለ ሆነ ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ነገር ሲነሣ ግን ዓመተ ምሕረቱን አብሬ አኖራለሁ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባሉ እንግሊዛዊ፣ መንኮራኩሮቹ በቁመት የሚቀራረቡትንና የኋላው በካቴና የሚዞረውን «ሮቨር» የተሰኘ ብስክሌት ባወጡ ጊዜ፣ ዛሬ የምናውቀው የብስክሌት መልክ ተወለደ ለማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ፍሬን ግን ሽቦ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ጋላቢው መያዣውን ሲጫን ከመሪው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የብረት ዘንግ፣ በጫፉ ያለውን ማንኪያ መሰል ብረት በፊተኛው ጎማ ጀርባ ላይ ያሳርፈው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ጆን ቦይድ ዳንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ሲያወጡ፣ ይህ ብረት ለስላሳውን ጎማ እየፋቀ ይጨርሰው ጀመር። ስለዚህ ብልሃተኞች ፍሬኑን ከጎማው አንሥተው ቸርኬውን እንዲይዝ አደረጉት፤ ነገር ግን ከእጅ ተነሥቶ እስከ ኋላው ቸርኬ የሚደርሰውን ጠማማ ጎዳና በዘንግ ለመሻገር፣ በየመታጠፊያው መገጣጠሚያ ማበጀት ግድ ይል ነበርና፣ ሥራው ከባድ፣ ጥገናውም አታካች ሆነ።

ይህን ችግር የፈታው የባውደን ሽቦ ነው። ኧርነስት ሞኒንግተን ባውደን የፈጠራ መብቱን በ1896 አስመዘገቡ። ከራሌ ብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት ከፍራንክ ባውደን ጋር የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ቆጥረው የሚጽፉ አሉና አንባቢ ይጠንቀቅ። የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው፦ ሽቦ ብቻውን ሲሳብ ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ በመታጠፊያ ዞሮ ሊታዘዝ አይችልም። ባውደን ግን ሽቦውን ተጠምጥሞ በተሠራ የብረት ልብስ ውስጥ አስገቡት፤ ልብሱ በሁለቱ ጫፍ ተመክቶ ርዝመቱን ሲጠብቅ፣ ሽቦው በውስጡ በሚሳብበት ኃይል ልክ ልብሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል፤ በዚህም የጣት ኃይል በጠመዝማዛ ጎዳና እየተጓዘ ካሰበበት ይደርሳል። ይህ ሕግ በኋላ ለሚተረከው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ በልቡና ሊያዝ ይገባል። ልብሱ የሚጨመቅ፣ ወይም ሽቦው በጠባብ መታጠፊያ የሚሻሽ ከሆነ፣ እጅ የሰጠው ኃይል ፍሬኑ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

አሁን ብስክሌት ወደ እኛ ወገን ወደ ደረሰበት ዘመን ልሻገር። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘችባቸው ዓመታት፣ ከ1936 እስከ 1941 (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.)፣ ወራሪው ለጦሩና ለንግዱ ሲል መንገዶችን አሠራ፤ ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በባቲ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በዚሁ ወራት ብስክሌት በአሥመራ ጎዳናዎች ላይ ይበዛ ጀመር። ቅኝ ገዢዎቹ በመጀመሪያ ውድድሩን ለራሳቸው ብቻ ከልለው ይዘውት ነበር፤ በ1939 ኤርትራውያን ከኢጣልያውያን ጋር ተሰልፈው እንዲፎካከሩ በተፈቀደ ጊዜ ግን ገብረማርያም ገብሩ ሁሉን ቀድሞ ገባ፤ የዘር ትዕቢት በገዛ አደባባዩ አፈረ። በቀይ ባሕር ዳርቻና በደጋው መካከል ያለው የብስክሌት ፍቅር ሥሩ ከዚህ ይጀምራል፤ የኢትዮጵያም የብስክሌት ውድድር ታሪክ ከዚህ ምንጭ ብዙ ቀድቷል።

በ1930ዎቹ ማብቂያና በ1940ዎቹ ደግሞ፣ በባሕር ማዶ፣ በፓሪስ ከተማ ዳርቻ፣ አሌክስ ሲንጀርና ረኔ ኤርስ የሚባሉ ብስክሌት ሠሪዎች እያንዳንዱን ብስክሌት በባለቤቱ ልክና ምርጫ ያበጁ ነበር። እነዚህ ጠቢባን ሽቦን በቱቦ ውስጥ ማሳለፍን የጀመሩት ለነፋስ ብለው አልነበረም፤ የሥራው ንጽሕና ያሳስባቸው ስለ ነበር ነው። ኤርስ የፊተኛውን ፍሬን ሽቦ በመሪው አንገት ውስጥ አሳልፎ በቀጥታ ወደ ፍሬኑ ያወርደው ነበር። የኋላውን ሽቦ በላይኛው አግዳሚ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ የፈለገ ሠሪም፣ ቱቦዎቹን ከማገጣጠሙ በፊት መግቢያና መውጫውን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ይበሳል፤ ከዚያም አንድ ቀጭን የነሐስ ቱቦ በውስጡ ዘርግቶ ሁለቱን ጫፎች ከቀዳዳዎቹ ከንፈር ጋር በእሳት ይበይዳል፤ ትርፉን ቆርጦ በሞረድ ያለሰልሳል። ይህ ሲደረግ ሽቦው የራሱ የተለየ ጎዳና ይኖረዋል፤ ከአንዱ ጫፍ የገባ ሽቦ በሌላው ጫፍ መውጣቱ አያጠራጥርም፤ ውኃም ወደ ዋናው ቱቦ ሆድ አይገባም። ቀዳዳ ብረትን እንደሚያደክም፣ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ከቀዳዳ ጥግ እንደሚጀምር ያውቁ ነበርና፣ ብየዳው ከመምራት አልፎ ማጠንከሪያም ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ላይ የተሠራውን ሁሉ ሳስተያየው፣ ከዚህ የነሐስ ቱቦ የበለጠ ሐቀኛ መፍትሔ አላየሁም፤ ሽቦውን ሲሰውር የሚጠግነውን ሰው አልረሳምና።

ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. (1956) በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ዳርቻ በብሮድሜዶውስ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት ኦሎምፒክ የብስክሌት ጋላቢዎቿ ተሰለፉ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ። ርቀቱ 187 ኪሎሜትር ሲሆን ያሸነፈው ኢጣልያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ከማስደነቁ አራት ዓመት አስቀድሞ የኢትዮጵያን ስም በብስክሌት ወደ ኦሎምፒክ ያደረሱት እነዚህ ሰዎች መሆናቸውን፣ ከነገሬ ወጣ ብዬም ቢሆን፣ ላሳስብ እወዳለሁ፤ ገረመው በ1960 ሮም ላይም ተሰልፈዋል። በዚያ ዘመን የውድድር ብስክሌት ላይ የፍሬኑ ሽቦ ምንም አልተሰወረም፤ ከመያዣዎቹ አናት ወጥቶ በጋላቢው ፊት እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ የፊተኛው ወደ ፊት ቸርኬ ይወርዳል፤ የኋላው በላይኛው አግዳሚ ቱቦ ላይ በሦስት የብረት ማሰሪያ ተይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማንም ሰው፣ መካኒክ ባይሆን እንኳ፣ ዓይኑን ጣል አድርጎ የተፈተለውን፣ የዛገውን፣ ሊበጠስ የደረሰውን ክር ያያል። በፒንሳ ፈትቶ ለመለወጥም ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

በከተሞቻችን በብዛት የተሠማራው ግን የውድድር ብስክሌት አልነበረም። ከእንግሊዝ፣ ኋላም ከሕንድና ከቻይና የመጣው ከባዱ ጥቁር ብስክሌት ፍሬኑ እስከ ብዙ ዘመን ድረስ ያው የጥንቱ ዘንግ ነበርና፣ በፓሪስ ሽቦ መሰወር ከጀመረ በኋላ እንኳ በእኛ አገር ገና ሽቦ ያልደረሰበት ብስክሌት በየመንደሩ ይሄድ ነበር። ይህ እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ሊቆጠር አይገባም፤ ዘንግ አይበጠስም፣ አቧራ ብዙ አይጎዳውም፣ ሲጣመምም በመዶሻ ይቃናል።

የሽቦው ስደት በእውነት የተፋጠነው ዓለም ነፋስን መፍራት በጀመረ ጊዜ ነው። ጋላቢ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ሲሄድ ከሚታገለው ኃይል እጅግ የሚበዛው የአየር መቋቋም ነው፤ ክብ ሆኖ በነፋስ ፊት የተገተረ ሽቦም፣ ቀጭን ቢሆን እንኳ፣ ከውፍረቱ ጋር የማይመጣጠን ነፋስ ይሰበስባል። በ1980ዎቹ መግቢያ የጃፓኑ ሺማኖ ነፋስ እንዲቆርጡ አስቦ የቀረጻቸውን «ዱራኤስ ኤ.ኤክስ» የተባሉ ዕቃዎች አወጣ፤ በኢጣልያም ቺኔሊ «ሌዘር» የተባለውን፣ መገጣጠሚያዎቹ ለስልሰው አንድ አካል የመሰሉትን፣ ሽቦውም በሆዱ የተደበቀውን ብስክሌት ሠራ። በጥር ወር 1984 ፍራንቼስኮ ሞዘር በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 51.151 ኪሎሜትር በሄደ ጊዜ፣ በ1989ም ግሬግ ለሞንድ የፈረንሳይን ዙር በስምንት ሰከንድ ብቻ ባሸነፈ ጊዜ፣ ጥቂት የነፋስ ትርፍ የሦስት ሳምንት ድካም ሊወስን እንደሚችል ለሁሉ ግልጽ ሆነ። በእነዚያው ዓመታት ከመያዣው አናት ይወጣ የነበረው ሽቦ ወደ መሪው ተጠግቶ፣ በመሪው ላይ በሚጠመጠመው ጨርቅ ሥር ገባ፤ የኋላውም በብዙ የኢጣልያ ብስክሌቶች ላይ በላይኛው ቱቦ ውስጥ ማለፍ ጀመረ። ደጋኑ ጠፋ። በጭቃ ውድድር ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ የሚሮጠው ሰውም ቱቦው ላይ ከተዘረጋው ሽቦ ተገላገለ።

ከብረት በኋላ ካርቦን መጣ፤ ከካርቦንም ጋር የጥገና ሰው መከራ። የካርቦን ቱቦ በቅርጽ ውስጥ ተጋግሮ የሚወጣ ስለ ሆነ መግቢያና መውጫው ከመጀመሪያው ታስቦ ይሠራለታል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ውስጥ ያ የነሐስ ጎዳና የለም። ሽቦው በአንድ ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ በሰፊው ባዶ ሆድ ውስጥ እየተንከራተተ ጠባብ መውጫውን መፈለግ አለበት። መሪ የሌለው ሽቦ በመንገድ ላይ የቱቦውን ግድግዳ እየመታ ይንቋቋል፤ ይህን ዝም ለማሰኘት ለስላሳ ስፖንጅ ያለብሱታል። በ2009 ሺማኖ ማርሹን በኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ ካወጣ በኋላ ፋብሪካዎች ቱቦውን ለሽቦም ለኤሌክትሪክ ገመድም እንዲሆን አድርገው ይቀርጹት ጀመር፤ በውጭ የሚታይ ነገር ያለበት የውድድር ብስክሌትም እንደ አሮጌ ይቆጠር ጀመር።

የእኛ ሰው በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የገባው በ2016 (2008 ዓ.ም.) ነው። የትግራይ ተወላጁ ጽጋቡ ግርማይ፣ በ2012 ለደቡብ አፍሪካው ኤም.ቲ.ኤን. ኩቤካ ቡድን መጋለብ ጀምሮ፣ በ2016 ለላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ተሰልፎ በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ገረመው ደንቦባና ባልንጀሮቻቸው በሜልበርን ከተሰለፉ ስድሳ ዓመት መሆኑ ነው። ጽጋቡ የተቀመጠበት ብስክሌት ሽቦዎቹን በአካሉ ውስጥ የሰወረ ነበር፤ ከበስተጀርባው ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ መካኒኮች፣ ዕቃ የሞላበት የጥገና መኪናና በጣሪያ ላይ የተደረደሩ ተለዋጭ ብስክሌቶች ነበሩ። የተሰወረ ሽቦ ለእንዲህ ያለ ቡድን ችግር አይደለም፤ ሽቦው ቢበጠስ ብስክሌቱ ይለወጣል። አንድ ብስክሌት ብቻ ያለው የመቀሌ፣ የባሕር ዳር ወይም የኮምቦልቻ ወጣት ግን የሚለውጠው ብስክሌት የለውም። የልዩነቱ ፍሬ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገር። የዓለም ብስክሌት ማኅበር በ2016 የዲስክ ፍሬንን፣ ማለት ቸርኬውን ትቶ በመንኮራኩሩ መካከል የታሰረውን ክብ ብረት የሚይዘውን ፍሬን፣ በሙከራ ፈቅዶ፣ በፓሪ ሩቤ ውድድር አንድ ጋላቢ በዲስክ ቆሰልሁ ካለ በኋላ አግዶ፣ በ2017 ሙከራውን መልሶ፣ በ2018 ፈጽሞ አጸደቀው። የዲስክ ፍሬን በዘይት የሚሠራ በሆነ ጊዜ የተገመደው ሽቦ ራሱ ቀረ፤ በቦታው ዘይት የሚያስተላልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ገባ። ዘይት ጠባብ መታጠፊያን አይፈራም፤ ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች ድፍረት አግኝተው የዘይቱን ቱቦ ከመሪው ጀምረው በመሪው አንገት በኩል፣ በላይኛው ኩሽኔታ መካከል አሳልፈው ወደ አካሉ ሰደዱት፤ በውጭ አንድም ነገር የማይታይበት ብስክሌት ተወለደ። እነሆ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በፈረንሳይ ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ፣ በ2025ም የመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ፣ ዓለም ያየው እንዲህ ያለውን ብስክሌት ነው። መልኩ ያማረ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዋጋዋ ትንሽ የሆነ የአንገት ኩሽኔታ በአቧራ ስትበላ፣ እርሷን ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ የፍሬኑን ቱቦ መፍታት፣ ዘይቱን ማፍሰስ፣ እንደገና መሙላትና አየሩን ማውጣት ግድ ይላል። በዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፦ በየመኪና ጋራዡ የሚገኘው የፍሬን ዘይት በሺማኖ ፍሬን ውስጥ ቢጨመር፣ ያ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ስለ ሆነ፣ የውስጡን ጎማዎች ያበላሻቸዋል፤ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ ይከዳል።

አሁን ያለንበት ጊዜ ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. (2024) የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። ሽቦው በአካሉ ውስጥ የሚያልፍ ብስክሌትም እንደ ብርቅ የሚታይበት ጊዜ አልፏል፤ የተራራ ብስክሌቱም የመንገዱም በዚህ መልክ ይሠራል። በባቲም ሆነ በከሚሴ ጎማ ለጥፎ፣ ካቴና ቆርጦ፣ ቸርኬ አቅንቶ የሚያድር ባለሙያ ዛሬ ወይም ነገ እንዲህ ያለ ብስክሌት እጁ ላይ ይወድቅበታል። የቆላው ነገር ልዩ ፈተና አለው፦ ከአፋር በኩል የሚነሣው ደቃቅ አቧራ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይገባል፤ ላብ ጨው ሆኖ በላይኛው ቱቦ ላይ ይወርዳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልብስ የለበሰ ሽቦ በቱቦው ውስጥ ከሁለቱም ይጠበቃል፤ ልብሱ በመግቢያው ላይ ቀርቶ በውስጥ ራቁቱን የሚሄድ ሽቦ ግን አቧራውን ከውስጥ ይዞ ይሻሻል፤ ዝገቱም ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ለዚህ አገር ብስክሌት የሚመርጥ ሰው ሙሉ ልብስ ያለውን ይምረጥ ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ።

ሥራውን በቅርብ ላሳይ። ባለሙያው በኋላው ፍሬን ላይ ሽቦውን ያሰረውን ብሎን ይፈታል፤ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ቀጥ አድርጎ፣ የተፈተለ ክር ካለ ቆርጦ ያጸዳል። ከዚያ አሮጌውን ሽቦ ሳይመዝ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በሽቦው ላይ አጥልቆ፣ ከመውጫው ጀምሮ እስከ መግቢያው ድረስ እየገፋ ያሳልፋል፤ ሁለቱ ጫፎች በውጭ መታየታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ አሮጌውን ይመዛል፤ አዲሱን በዚያው ቱቦ ውስጥ ይሰዳል፤ በመጨረሻም ፕላስቲኩን ያወጣል። ልብሱም ጭምር የሚለወጥ ከሆነ፣ እናቶች በሱሪ ወገብ ውስጥ አዲስ ላስቲክ ሲያስገቡ በአሮጌው ጫፍ ላይ ሰፍተው እንደሚስቡት ሁሉ፣ አዲሱን በአሮጌው ጫፍ ላይ አያይዞ መሳብ ነው። ሽቦው በውስጥ ተበጥሶ ከሆነ ሥራው ይረዝማል፤ ቀጭን የናይሎን ክር በመግቢያው አስገብቶ፣ ሌሎቹን ቀዳዳዎች በእጅ ደፍኖ፣ በመውጫው በኩል አየር ሲስቡበት ክሩ ተከትሎ ይመጣል፤ ጫፉ ብቅ ሲል ከአሮጌ የቸርኬ ሽቦ በታጠፈ መንጠቆ ይያዛል። በካርቦንና በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ ማግኔት ከውጭ ይዞ የብረቱን ሽቦ በውስጥ መምራት ይቻላል፤ በብረት ቱቦ ላይ ግን ማግኔቱ ከቱቦው ጋር ይጣበቃልና አይረዳም።

ሽቦው በውጭ ያለበትን ብስክሌት ይዘው «እንዲያምር በውስጥ አሳልፍልኝ» የሚሉ ወጣቶች ቢመጡ፣ ቱቦውን በመሰርሰሪያ መብሳት ፈጽሞ አይገባም፤ ፋብሪካው ያላጠነከረው ቀዳዳ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው፤ በካርቦን ላይ ሲሆንማ የባሰ ነው።

የኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅና በየወረዳው ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች የመኪናና የሞተር ጥገናን ሲያስተምሩ፣ የብስክሌትን ፍሬን፣ የሽቦውንም የዘይቱንም፣ በትምህርታቸው ውስጥ እንዲያኖሩት እለምናለሁ። ብስክሌት የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ተለዋጭ ሽቦ፣ ሙሉ ልብስ፣ የማዕድን ዘይትና ያን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አብረው ያምጡ። አንተም ወንድሜ፣ ብስክሌትህን ይዘህ ወደ ጥገና ስትሄድ፣ ባለሙያው አሮጌውን ሽቦ በባዶው ከመምዘዙ በፊት እጁን ያዘውና መሪ ቱቦ አስቀድሞ እንዲያስገባ ንገረው።